በተሸፈነው ሥዕል ፊት

የጋሽ ዘለቀን ሞት ያረዳኝ ሰው የለም። መርዶው የመጣው በቴሌግራም፣ በሥራ ሰዓት፣ በትእዛዝ መልክ ነው። «ትዕግሥት፣ ሦስት ሜትር በሁለት፣ ለነገ ጠዋት ይድረስልን» ይላል መልእክቱ። ከሥሩ የጋሽ ዘለቀ ፎቶ አለ። ከፎቶው ሥር ደግሞ የሚታተመው ጽሑፍ፦ «ታላቁ መምህራችን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ዓምድ፣ ነፍስዎን በገነት ያኑርልን።» ላኪው የሰበካችን ጸሐፊ ነው። እኔ አዳማ ውስጥ ባነር አታሚ ነኝ፤ ሠርጉም ምርቃቱም ሙት ዓመቱም በእጄ ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ያየሁት፣ አፍሬ ነው የምጽፈው፣ የፎቶውን ጥራት ነው። ይሄ ሲጎላ ይደበዝዛል ብዬ አሰብኩ። ማን እንደሆኑ ልብ ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ ብል ውሸት ይሆናል፤ የመጣብኝ ንዴት ነው። «ታላቁ መምህራችን» ብሎ የሚያዘኝ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት እኚህኑ ሰው ክንዳቸውን አስይዞ ከቤተ ክርስቲያን ያስወጣቸው ነው። ከማስተማር ሲያግዳቸው በማስረጃነት ያቀረበው ወረቀት ላይ ከፈረሙት ደግሞ አንዷ እኔ ነኝ።

ጋሽ ዘለቀ ቄስ አልነበሩም፣ መሪጌታም አልነበሩም። ልጅ ሳሉ መንዝ ውስጥ የቆሎ ተማሪ ሆነው መጻሕፍቱን ከነትርጓሜያቸው ተምረዋል። ከዚያ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ወርደው የድሮው ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ፤ ባቡሩ እስኪቆም ድረስም ድሬዳዋና አዲስ አበባ ሲመላለሱ ኖሩ። የአቦምሳ ልጅ የነበሩት ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። እኔ ሳውቃቸው በዚህ ዓለም የኔ የሚሉት ነገር ሁለት ይመስለኛል፤ አንዱ ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነው ጋቢያቸው፣ ሌላው የእሑድ ከሰዓት ትምህርታቸው።

ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከተማው በሙቀት ጭልጥ ብሎ ሲተኛ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ እንደረደር ነበር። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ጋሽ ዘለቀ ደብተር አይዙም፤ ባቡር ላይ እንዳሉ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አንዳችን ያልተጻፈ ነገር ስንናገር ቀኝ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ «ትኬት» ይላሉ። የት እንደተጻፈ ንገረኝ ማለታቸው ነው። ካገኘንላቸው አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ገጥመው፣ ትኬት እንደሚበሳ ሰው፣ በአፋቸው ቀጭ ያደርጉና «እለፍ» ይላሉ። ካላገኘን ትኬት የሌለው ተሳፋሪ ወርዶ ይሄዳል፤ ማለትም ዝም ብለን እንቀመጣለን።

የሚያስተምሩን ነቢያትን ነበር። እኛ የምንጓጓለት ግን አንድ ርዕስ ነው፤ ነቢዩ ዳንኤል የተናገረለት፣ ጌታም ለደቀ መዛሙርቱ ያነሳው፣ በተቀደሰው ስፍራ የሚቆመው የጥፋት ርኩሰት። ስሙ ራሱ ያስፈራል። ዩቲዩብ ላይ የወጣ ሰባኪ ሁሉ ማንነቱን ያውቀዋል፤ እኛም የምናውቀው ይመስለን ነበር። አንዱ ፈረንጆች ክንድ ላይ የሚቀብሩት ቺፕ ነው ይላል። አንዷ ከሰፈራችን ጫፍ የተከፈተውን የጴንጤ አዳራሽ ትጠቁማለች። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መስጊዱን ያነሳል።

«ትኬት» ይላሉ ጋሽ ዘለቀ።

ማንም ትኬት የለውም።

«እሺ፣ እኔ ልንገራችሁ» ብለው ይጀምሩ ነበር። «አንድ የግሪክ ንጉሥ ኢየሩሳሌም ገብቶ በመሠዊያው ላይ ጣዖት አቆመ፤ እሪያም አረደበት። እሱ ከውጭ የመጣ ነው፣ አልክድም። ከሱ በፊት ግን ሊቀ ካህንነቱን ለመሻማት የንጉሡን ደጅ ሲጠኑ የነበሩት እነማን ናቸው? የራሳቸው ካህናት። በሩ ተከፍቶ ነው የጠበቀው። ከዘመናት በኋላ ደግሞ አንድ የሮማ ቄሣር ምስሌን መቅደሱ ውስጥ አቁሙልኝ አለ። ሕዝቡ ምን አደረገ? ሰይፍ አልመዘዘም። የዘር ወቅት ነበር፤ እርሻውን ትቶ ሜዳ ላይ ወጣና አንገቱን ዘረጋ። ከምስሉ በፊት እኛን ቁረጡ አለ። ሊያቆም የመጣው ሹም ፈራ፤ ምስሉም ሳይቆም ቀረ። ሕዝቅኤልስ? ግድግዳውን ቦርቡረህ ግባ ተባለ። ገብቶ ማንን አገኘ?»

«ሰባ ሽማግሌዎች» እንላለን ባንድ ድምፅ፤ መቼም ሰምተነው ሰምተነው ለምደነዋል።

«በጨለማ ጥና ይዘው ጣዖት ሲያጥኑ። ከውጭ የመጣ አለበት?»

«የለበትም።»

«ቀጭ። እለፉ።»

እኛ ይህን እንደ ጨዋታ ነበር የምናየው። እሳቸው ግን እየቀለዱ እንዳልነበር ያወቅኩት አንድ የንግሥ በዓል ጠዋት ነው። የዚያን ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ ዋና በር ላይ የአህያ ጭንቅላት ተጥሎ ተገኘ። ሰዉ ገና ለኪዳን እየገባ ነው። አሁን ጸሐፊ የሆነው ሰውዬ ያኔ የወጣቶች አስተባባሪ ነበር፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳና «ደጃችን ተደፈረ» ብሎ ለቀቀው። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ሠላሳ የሚሆኑ ጎረምሶች ዱላ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ዓይናቸው ከመንገዱ ማዶ ካሉት የሙስሊም ቤቶች ላይ ነው። እኔም ከኋላቸው ነበርኩ፤ ደሜ ፈልቶ እንደነበር መደበቅ አልችልም።

ጋሽ ዘለቀ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ መጡ። ጭንቅላቱን አዩና ጎረምሶቹ ፊት ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«ትኬት።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የቀልድ ጊዜ አይደለም» አለ አስተባባሪው።

«እኔም አልቀለድኩም። ማን እንደጣለው ያየ ሰው አለ?»

እሳቸው ጎንበስ ብለው መሬቱን አዩ። አዋራው ላይ የተጎተተ ነገር መስመር ነበር፤ መስመሩ ቆሻሻ ወደሚጣልበት ገደል ይሄዳል። ከመስመሩ ጎን ለጎን ዱካ አለ። ከዚያ መንገዱን ተሻግረው የሐጂ ቃሲምን በር አንኳኩ። ሐጂ ቃሲም ባቡሩ ላይ ፍሬን ያዥ የነበሩ፣ የአርባ ዓመት ባልንጀራቸው ናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ» ተባብለው እንደ ማንኛውም ጠዋት ጤና ሲጠያየቁ ሠላሳ ዱላ ቆሞ ይጠብቃል። ሐጂ ወጥተው ዱካውን አዩ።

«ጅብ ነው እንጂ» አሉ። «የጋሪ ነጂው አህያ ከትናንት ወዲያ ሞታበት እዚያ ገደል ጣላት። ውሾቹ ሲጮኹ አድረዋል፤ አልሰማችሁም?»

ከዚያ ሁለቱ ጭንቅላቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ይዘው ወሰዱት። ሊያግዛቸው የተንቀሳቀሰ አልነበረም። ሲመለሱ ጋሽ ዘለቀ እጃቸውን በውኃ እየታጠቡ፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝን ተናገሩ።

«ጅቡ ራቱን ነው የጣለው። ዛሬ ይህን ደጅ ልታረክሱት የነበራችሁት እናንተ ናችሁ።»

አስተባባሪው የለቀቀውን ፎቶ አላጠፋውም። ሰው ሁሉ ነገሩ የጅብ መሆኑን ካወቀ በኋላም ሳምንት ሙሉ ከስልክ ስልክ ሲተላለፍ ከረመ። በዚያው ዓመት ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ፤ ለምን እንደተመረጠ አሁንም አይገባኝም፣ ወይም በደንብ ይገባኛል።

የባነሩ ነገር የመጣው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ታድሶ ነበር። ጣራውንና ወለሉን ያሠሩት ላንጋኖ ዳር ሎጅ ያላቸው አንድ ባለሀብት ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ደግሞም ሰውየው ስቀሉኝ አላሉም፣ ይህን ለእውነት ስል እናገራለሁ። ያሰበው ጸሐፊው ነው። ለምረቃው ዕለት የባለሀብቱን ፊት፣ ከደረታቸው በላይ፣ ሦስት ሜትር በሁለት አሳተመኝ። በር ላይ ይሰቀላል ተባልኩ። በምረቃው ዋዜማ በር ላይ ተሰቀለ። የአዳማን ንፋስ ግን የማያውቅ የለም፤ ገና ከሰዓት ሳይደርስ አንዱን ጥግ ገነጠለው፣ ባነሩም እንደ ሸራ ይውለበለብ ጀመር። ለምረቃው የተቀጠረው ቪዲዮ ቀራጭም ውስጥ ቢሆን መብራቱ ይሻላል አለ። ውስጥ አስገቡት። ሰፊ ግድግዳ ያለው በሴቶች በኩል ነው። መሐሉ ላይ ግን ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ እመቤታችን ልጇን የታቀፈችበት ሥዕል፣ አለ። ከሥዕሉ በላይ ሚስማር መቱና ባነሩን በላዩ ላይ ለቀቁት።

ይህን ሲያደርጉ ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ ቆይ እስቲ አላለም። ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ያደጉ ናቸው። ከበሩ ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ደፉን ይሳለማሉ፣ ወለሉ ላይ ፀጉር ወድቆ ቢያዩ ያነሳሉ። በባዶ እግራቸው መሰላል ላይ ወጥተው ነው የሰው ፊት የሰቀሉት። እኔም ሥራዬ ቀጥ ብሎ መሰቀሉን ልመለከት በማግሥቱ ጠዋት ሄድኩና ጥጎቹን አየሁ። ቀጥ ብሏል። እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

ከዚያ እማማ አስካለ ገቡ። ዓይናቸው የደከመ የሰፈራችን አሮጊት ናቸው፤ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ሁልጊዜ እዚያ ሥዕል ፊት ይደርሳሉ፣ ሦስት ጊዜ ይሰግዳሉ፣ አንድ ነገር ያንሾካሹካሉ። የዚያን ዕለትም ደረሱና ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ሰገዱ። ከኋላቸው የመጡት ሴቶችም በለመዱት ሰገዱ። የሎጁ ባለቤት ከላይ ሆነው በሁለት ሜትር ፊት ፈገግ ይላሉ።

ጋሽ ዘለቀ ከወንዶች በኩል ቆመው ያዩ ነበር። እኔ የማያቸው ከጀርባ ነው። ቀስ ብለው ተራመዱ፣ የሴቶቹን ቦታ አቋርጠው ገቡ፣ ከጥግ ያለውን ወንበር አነሱ፣ ወጡበት። ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው በባነሩ የላይኛው ጠርዝ ላይ ጣሉት። ፊቱ ተሸፈነ። ከዚያ ከወንበሩ ወርደው በሸሚዝ ብቻ ቆሙ። አልጮኹም፣ አልገሠጹም። እማማ አስካለን ክንዳቸውን ይዘው «ሥዕሉ ዛሬ ተሸፍኗል እማማ፤ ወደ መቅደሱ ዙረው ይስገዱ» አሏቸው።

«ታዲያ አሁን ለማን ነው የሰገድኩት?» አሉ እማማ አስካለ።

የዚያች አሮጊት ድምፅ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ባለሀብቱ በዚያው ቅጽበት ታጅበው ገቡ። የገዛ ፊታቸውን ጋቢ ለብሶ ሲያዩ ደነገጡ፤ እንዲያውም ያፈሩ መሰለኝ። ጸሐፊው ግን ሁለት አስተናባሪዎች ጠቅሶ ጋሽ ዘለቀን በሁለት ክንዳቸው አስያዘ። ጫማቸውን እንኳ አላስደረጓቸውም፤ የጋለው ድንጋይ ላይ በባዶ እግራቸው ቆመው ቀሩ። ሐጂ ቃሲም ናቸው ጫማቸውን በሰው አስልከው ያወጡላቸው። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር። ጋቢው ወረደ፣ ባነሩ ለምረቃው ታየ፣ ቪዲዮውም ተቀረጸ።

በሳምንቱ ጸሐፊው ወረቀት ይዞ ሱቄ መጣ። አቶ ዘለቀ በጸሎት ሰዓት ሥርዓት ስለማወካቸው፣ ወንድ ሆነው በሴቶች በኩል ስለመግባታቸው፣ የተከበረ እንግዳ ስለማዋረዳቸው ይላል። «አንቺ ነበርሽ፣ አይተሻል፤ ውሸት አለበት?» አለኝ። ወረቀቱ ላይ አንድም ውሸት አልነበረበትም። ገቡ ወይ፣ ገብተዋል። ሸፈኑ ወይ፣ ሸፍነዋል። እውነት በእውነት ላይ ተደርድሮ እንዴት ያለ ትልቅ ውሸት እንደሚሆን ያን ቀን አየሁ። የሰበካው ሥራ ለኔ ትልቁ ሥራዬ ነበር፤ እሱ ቢቀር ሱቁ እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ፈረምኩ። ጋሽ ዘለቀም ከኒሙ ዛፍ ሥር ታገዱ። እሑድ ከሰዓት የነበራቸው ነገር እሱ ብቻ እንደነበር እኔ ከማንም በላይ አውቅ ነበር።

ከወር በኋላ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ መጡ። እቤታቸው በር ላይ ሦስት ተማሪ ቀርቶላቸው ነበር፤ ለእነሱ የሚሆን የንባብ ዝርዝር ነው፣ በእጃቸው የጻፉት። ማሽኑ እስኪሞቅ ጠበቅን።

«ባነሩን ያተምሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ቀለሙ ጥሩ ነው። ጥርሳቸው ሳይቀር ይታያል።»

መሳቅ አቃተኝ። «ወረቀቱንም ፈርሜያለሁ» አልኳቸው።

«አሳይተውኛል። ፊርማሽን አወቅኩት።» ዝርዝሩን በጥንቃቄ ሦስት ቦታ አጠፉት። «ስታትሚው የት እንደሚሰቀል ታውቂ ነበር?»

«በር ላይ ነበር የተባልኩት ጋሼ።»

«ስትፈርሚስ? የት እንደሚውል ታውቂ ነበር?»

ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ ለትኬት እንደሚዘረጉት። ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ ሳያደርጉት፣ ያችን ቀጭ ሳይሏት፣ እጃቸውን አጠፉና ወጡ። ከዚያ በኋላ እንደ ወትሮው ሰላም ይሉኝ ነበር፤ እንዲያውም ስለ ልጆቼ ይጠይቁኝ ነበር። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያልተበሳ ትኬት ይዤ የምሄድ ይመስለኛል።

እነሆ፣ ሞቱ። ሐጂ ቃሲም ለጠዋት ሰላምታ ሲያንኳኩ አልከፈቱም። ጸሐፊውም ሦስት ሜትር በሁለት አዘዘኝ።

ደወልኩለት። «የት ነው የሚሰቀለው?» አልኩት።

«ፍትሐቱ ላይ፣ ውስጥ ነዋ። ውጭማ ንፋሱን ታውቂው የለ።»

«ውስጥ የት?»

«እዚያው የድሮው ቦታ። ሚስማሩ አለ።»

ሚስማሩ አለ። እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሚስማሩን የነቀለው ሰው የለም። ሰውየውን ባዋረዱበት ሚስማር ሰውየውን ሊያከብሩ ነው፣ ሥዕሉም እንደገና ሊሸፈን ነው፣ በዚህ ሰው ድምፅ ውስጥ ግን ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረም። ክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል።

«አላትምም» አልኩት።

«ምነው፣ ማሽን ተበላሸ?»

«ማሽኑ ደህና ነው። አላትምም። ከእንግዲህም የሰበካውን ሥራ ሌላ ጋ ውሰዱት።»

ሌላ ጋ ወሰደው። አዳማ ውስጥ ባነር አታሚ ሞልቷል። በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስሄድ ጋሽ ዘለቀ እዚያው ግድግዳ ላይ ነበሩ፣ ፎቶው እንደጠረጠርኩት ደብዝዞ። አስከሬናቸው ገና አልመጣም። ከጥግ ያለውን ወንበር አነሳሁና ባነሩ ሥር አኖርኩት። ከዚያ ቆምኩ። ነጠላዬን ካወለቅኩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ራሴን ተገልጬ ልቆም ነው፤ ይህም ራሱ ነውር ነው፣ እንደ ጋሽ ዘለቀ ክስ ወረቀት ላይም ያምራል። የምሸፍነው ፊት ደግሞ የሳቸው ነው፤ በዕለተ ቀብራቸው።

እማማ አስካለ ግድግዳውን እየዳሰሱ ደረሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሥዕሉን ራሱን ሳይዳስሱ ሰግደው አያውቁም። እጃቸው የላስቲኩን ጠርዝ ነካና ቆሙ።

«ዛሬ ደግሞ ማን ነው ያለው?»

«ጋሽ ዘለቀ ናቸው እማማ። አርፈዋል።»

ላስቲኩን በጣታቸው ደጋግመው ዳበሱት።

«ዘለቀ?» አሉ። «እሱማ ይሄን አይወድም። ሸፍኚው ልጄ።»

ነጠላዬን አውልቄ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ከበሩ በኩል አስተናባሪው ሲጮህብኝ ይሰማኛል፣ የሚሮጥ እግርም ይሰማኛል። ወንበሩ ይነቃነቅ ነበር። በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው የያዙልኝ እማማ አስካለ ናቸው።